ብልቃጡ ሁልጊዜ ልክ ይመጣ ነበር

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሲሸኙኝ ኬክ ቆረሱ፣ ጋቢ አለበሱኝ፣ አንድ ኃላፊም ስሜን አሳስቶ ረጅም ንግግር አደረገ። እኔም ከእንግዲህ ወደዚያ ሆስፒታል የምገባው የታመመ ለመጠየቅ ብቻ ነው ብዬ ወጣሁ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ አንድ ቀን ገላዬን ስታጠብ በግራ ጡቴ ሥር ጣቴ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው እብጠት የዳሰሰ ጣት አይሳሳትም። ፎጣዬን ይዤ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ለባለቤቴ ለማቴዎስ ሳልነግረው ሁለት ቀን ዋልኩ። ሰዎች ነርስ ስለሆንሽ አትፈሪም ይሉኛል። ነርስ ስለሆንኩ ነው እንጂ የምፈራው! ሌላው ሰው የማያውቀውን ሁሉ አውቃለሁ።

አሁን ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሠራሁበት ክፍል ታካሚ ሆኛለሁ። ሶዶ ውስጥ ለካንሰር የሚዋጥ አንድ አዲስ መድኃኒት እየተጠና ነው፤ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲሰጥ ይሻል እንደሆነ ለማየት። በዚያ ጥናት ስሜ ቀርቶ ቁጥር ሆኛለሁ። ክኒኔን የምትሰጠኝ ነርስ ቤተልሔም ናት፤ ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። እስከ ሐሙስ አንድ ነገር መወሰን አለብኝ፦ ዳገት ስወጣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ እንደሚደርስ ልናገር ወይስ ዝም ልበል? ከተናገርኩ መድኃኒቱን ሊያስቆሙኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ዝም ካልኩም ምን ሊመጣ እንደሚችል አውቃለሁ። እጄ ሥራ ካልያዘ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ስለሆነ፣ ደብተር ገዝቼ የሥራ ዘመኔን መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያ ምድቤ ወላይታ ውስጥ በዴሳ የምትባል ከተማ ነበረች። ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ጋወኔን በስታርች አድርቄ፣ አገር የማድን መስሎኝ ሄድኩ። የመጀመሪያ ደሞዜ ሦስተኛው ወር ላይ ደረሰኝ፤ ስለ ደሞዝ ከዚህ በላይ አልናገርም። ጤና ጣቢያው ውስጥ አቶ ኦላንጎ የሚባሉ የጤና ረዳት ነበሩ። በማዕረግ ከእኔ በታች ናቸው፤ ያንን ያስታወስኩት ግን አንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ ሥራቸውን ካየሁ በኋላ ረሳሁት።

አቶ ኦላንጎ እጃቸውን ሲታጠቡ በፎጣ አያደርቁም። እጃቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው፣ በነፋስ እስኪደርቅ ድረስ በሽተኛውን ዝም ብለው ያያሉ። ጫማውን፣ አንገቱን፣ አተነፋፈሱን፣ አብሮት የመጣውን ሰው። እኔ ከኋላ ሆኜ ካርድ እየቆለልኩ፣ ሰልፉ ረዘመ እያልኩ እነጫነጫለሁ። እሳቸው ግን እጃቸው ሳይደርቅ አንዲት ቃል አይናገሩም። ሲደርቅ ምርመራው ግማሹ አልቋል።

አንድ የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ነበረን፤ እህል ነጋዴ። በየወሩ ክኒኑን ስቆጥር ልክ ይመጣል፣ ሰውየው ግን አይሻለውም። እኔ መድኃኒቱ ተበላሽቷል ብዬ ለዞን ደብዳቤ ለመጻፍ ተዘጋጀሁ። አቶ ኦላንጎ እጃቸውን አድርቀው፣ “ቤትህ ከማን ጋር ነው የምትበላው?” አሉት። ከእናቱ ጋር። እናቱስ ያስላቸዋል? ያስላቸዋል። ሰውየው ለእናቱ እያካፈለ ነበር። አልተቆጡትም፤ በማግስቱ በእግራቸው ሄደው እናቱን ይዘዋቸው መጡ። ያን ቀን፣ “አስቴር፣ ክኒኑን ቆጥረሽ የቤቱን ሰው ካልቆጠርሽ ገና አልቆጠርሽም” አሉኝ። እሺ አልኩ። ለብዙ ዓመትም እንዳሉኝ አደረግሁ።

ከበዴሳ ወደ ቦዲቲ ተዛወርኩ። እዚያ አለቃዬ ሪፖርት የምትወድ ሴትዮ ነበረች፤ ከበሽተኛው ይልቅ ለሠንጠረዡ የምትጨነቅ። ስቀንባት ነበር። መሣቄን ያቆምኩት እኔም እንደ እሷ መሆን ከጀመርኩ በኋላ መሆን አለበት፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። ከቦዲቲ ሶዶ ገባሁ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍልም፣ በሴቶች ክፍልም ሠራሁ፣ በመጨረሻ የካንሰር ጥናቱ ሲከፈት በወላይትኛም በአማርኛም ማንበብ የምትችል ልምድ ያላት ነርስ ተፈለገች። እኔ ሆንኩ።

ሥራው ማንበብ ነው። አሥራ አንድ ገጽ የስምምነት ቅጽ። ወላይትኛው የተተረጎመው የመጽሐፍ ቅዱስ ወላይትኛ በሚያውቅ ሰው ስለነበር ሴቶቹ ሲሰሙት “አሜን” ይሉ ነበር። ስለዚህ አንድ ገጽ አነብና ወረቀቱን ገልብጬ፣ “አሁን ይህንን ለእናትሽ እንደምትነግሪያት አድርገሽ ንገሪኝ” እላለሁ። ያኔ ነው የተረዳችውና ያልተረዳችው የሚለየው። “አዲስ መድኃኒት ከውጭ መጥቶልኛል፣ እድናለሁ” ካለች እንደገና እጀምራለሁ። ይሻል እንደሆነ ገና አናውቅም፣ ለማወቅ ነው የምንጠይቅሽ፣ ባትፈልጊ እንቢ ማለት ትችያለሽ፣ ከጀመርሽም በኋላ ማቆም ትችያለሽ፣ ማንም አይቆጣሽም። አንዲት ሴትዮ፣ “እናንተ ካላወቃችሁ ማን ያውቃል?” ብላ ተነሥታ ሄደች። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ቅጹን እንደ እሷ በደንብ የተረዳ ሰው አላጋጠመኝም። መፈረም ለማይችሉት አውራ ጣታቸውን ቀለም ቀብቼ አስረግጥና በአልኮል እስኪጠራ ድረስ አሸዋለሁ። ሰው ቀለም በጣቱ ይዞ፣ የተከሰሰ መስሎ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም።

አማረችና ታደለች ከበዴሳ አካባቢ አብረው ነው የመጡት። ባሎቻቸው ወንድማማች ናቸው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። አማረች ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ለታደለች አሳየቻት፤ ታደለች የራሷን ስትዳብስ እሷም አገኘች። በአንድ ሚኒባስ መጡ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። ምርመራው ሲያልቅ አማረች ጥናቱ ውስጥ ገባች። ታደለች በልጅነቷ የልብ በር ተጎድቶባት ስለነበር አልገባችም።

ይህንን የነገርኳቸው ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ከአዲስ አበባ የጥናቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቢሮ ውስጥ ይጠብቀኛል፣ ቁልፍ በእጄ ይዣለሁ። “አንቺ ገብተሻል። አንቺ ደግሞ ልብሽ ደከም ያለ ስለሆነ ጥናቱ አይቀበልሽም፣ የተለመደውን ሕክምና እዚሁ ትቀጥያለሽ” አልኳቸው። ታደለች “ጦሳይ ጋላተቶ” አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለቷ ነው። እኔም ደህና ተቀበለችው ብዬ ሄድኩ። ቅጹ ስድስተኛው ገጽ ላይ ይህ መድኃኒት ልብን ሊያደክም እንደሚችል ተጽፏል። ለአማረች አነበብኩላት፣ መልሳም ነገረችኝ። ለታደለች አላነበብኩም። ጥናቱ ውስጥ ስላልገባች የእኔ በሽተኛ አልመሰለችኝም።

አማረች በየቀኑ ጠዋት አራት ክኒን ትውጣለች። ለሃያ ስምንት ቀን መቶ አሥራ ሁለት መሆኑ ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ለመጠባበቂያ ስምንት ስለሚጨመር መቶ ሃያ ይዛ ትሄዳለች። ስትመለስ ሰማያዊ ትሪ ላይ ዘርግፌ በማንኪያ ጀርባ አምስት አምስት እያደረግሁ እቆጥራለሁ። የሌሎቹ ብልቃጥ ጉድ ነው። አንዷ አሥራ ሦስት ትመልሳለች፣ አንዷ ሁለት፤ የአንዷን ስዘረግፈው ከክኒኑ ጋር የተቆላ ሽምብራ ወጣ። የአማረች ሁልጊዜ ስምንት። ተቆጣጣሪው ሠንጠረዡን አይቶ እጄን ጨበጠኝ። ኮራሁ። ሌሎቹን ሴቶች “እንደ አማረች ሁኑ” እያልኩ እቆጣቸው ጀመር።

ሌሎቹ ተቅማጥ ያስቸግራቸዋል፣ እጃቸው ይላላጣል። አማረችን ምንም አልነካትም። ይህ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ “የለም፣ የለም፣ የለም” እያልኩ የቀጠሮ ቅጹን ሣጥኖች ሞላሁ። ከማን ጋር ትበያለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ቅጹ ላይ ለዚያ የሚሆን ሣጥን አልነበረም።

በአምስተኛው ወር አማረች ከቀጠሮዋ ቀረች። ስልኳ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ በዴሳ ወረድኩ፣ ከዚያ በሞተር ወደ መንደራቸው ሄድኩ። ግቢው ከሩቅ ሲታየኝ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው እንሰቱ ሥር ተቀምጧል። አማረች ሞታለች ብዬ ከሞተሩ ወረድኩ። አማረች ግን ከድንኳኑ ወጥታ መጣች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። የሞተችው ታደለች ናት። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ መተኛት አቅቷት ማዳበሪያ ላይ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ካንሰሩ ነው ብለው ሌላ ሐኪም አላሳዩአትም።

አማረች እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የተነጋገርነው በወላይትኛ ነው።

“ሲስተር፣ አንቺን ለማታለል አይደለም” አለችኝ። “አብረን ታመምን፣ በአንድ መኪና ሄድን። ለእኔ ተሰጥቶ ለእሷ ሲከለከል እንዴት ብዬ ብቻዬን እውጣለሁ? ጠዋት ጠዋት አራቱን አወጣለሁ፤ ሁለት ለእሷ፣ ሁለት ለእኔ። ኮታ ነው ያደረግነው።”

ኮታ ምን እንደሆነ በእኛ አገር ሕፃን ያውቃል። ሁለት ቤት አንዲት ላም በጋራ ይይዛል፣ ወተቷንም ጥጃዋንም ይካፈላል። ላሟ በማን በረት ብታድር የሁለቱም ናት። እነ አማረችም እንዲህ ያለች ላም ነበረቻቸው፤ እዚያው ጓሮ ታስራ የእንሰት ቅጠል ትበላለች።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“አንቺ ስንት ቀረ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። ስምንት ቀረ። ስምንት አመጣሁልሽ።”

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ክኒኑ ነው የገደላት?” አለችኝ።

እሱን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ልቧ ድሮም የታመመ ነበር። አላውቅም ብዬ መሄድ እችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም። ግን “ልቧን ሊጎዳ እንደሚችል አውቅ ነበር፣ አልነገርኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኳት። ሳትቆጣ አየችኝ። “እንግዲያው ሁለታችንም ደብቀናል” አለችና ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ብልቃጥ ፈትታ ሰጠችኝ። ስመለስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ያየሁት መንገድ ትዝ አይለኝም።

ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ ወረቀቱ ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥናቱ ውስጥ የማይገቡትንም፣ አብረዋቸው የሚመጡትንም አስቀምጠን እንድናስረዳ ታዘዘ። አማረች ከጥናቱ ወጣች፣ በተለመደው ሕክምና ቀጠለች። እስከ ዛሬ አለች። ሆስፒታል ስንገናኝ አቅፋ ትስመኛለች። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

እኔ በሽተኛ ሆኜ ስመጣ ታዲያ ይህ ሁሉ በሆዴ ነበር። ቤተልሔም ቅጹን ልታነብልኝ ስትጀምር “ተይው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ” አልኳት። “ሲስተር፣ ደንብ ነው” አለችና አነበበች። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ታደለችን አሰብኩ። ለስንት ሰው “በፈለግሽ ጊዜ ማቆም ትችያለሽ” ብያለሁ? ከጠረጴዛው በዚህኛው በኩል ስሰማው ሌላ ነገር ነው። ሰው ተስፋውን በገዛ እጁ እንዴት ያቆማል? ፈረምኩ። ሦስተኛው ወር ላይ ሐኪሙ ለክቶ እብጠቱ ማነሱን ነገረን፤ ማቴዎስ እዚያው ኮሪደር ላይ ጮክ ብሎ ጸለየ፣ ጥበቃው ዝም እንዲል እስኪለምነው ድረስ።

ልቤ በኃይል መምታት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቤታችን ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው፤ መሐል ላይ እቆማለሁ። ማቴዎስ እንዳያውቅ ስልኬን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። “ይህን ያህል ማን ነው የሚደውልልሽ?” ይለኛል። “የጡረተኞች ማኅበር” እላለሁ። ሁለት ቀጠሮ ሙሉ ለቤተልሔም “ደህና ነኝ” ብያታለሁ። ማታ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ እግሬ ላይ የሠራውን ክብ በጣቴ እጫነዋለሁ፤ ጎድጉዶ ይቀራል። አበቃ፣ ለእኔ ነገ የለም እያልኩ እተኛለሁ።

ከዚህ በላይ ያለውን የጻፍኩት ከሐሙስ በፊት ነው።

ሐሙስ በባጃጅ ሄድኩ። ሳልወስን ነው የሄድኩት፤ ወስኜ ነበር ብል ውሸት ነው። ቤተልሔም ብልቃጡን ትሪው ላይ ዘረገፈች። ስምንት። “እንደ ሲስተር የሚያመጣልኝ የለም” ብላ ሣቀች። ከዚያ ጥያቄዎቹን ጀመረች። ተቅማጥ? የለም። ትኩሳት? የለም። እያነበበች እስክሪብቶዋ ከመልሴ ቀድሞ “የለም” ላይ ያርፋል። ፈጣን የልብ ምት ስትል እስክሪብቶው እዚያው ደርሶ ነበር።

“አለ” አልኩ።

ቀና አለች።

“ልቤ በኃይል ይመታል። እግሬም ያብጣል።”

“መቼ ጀመረዎት?”

“ካለፈው ቀጠሮ በፊት። ከዚያ በፊት ካለውም በፊት።”

“ደህና ነኝ ብለውኛል እኮ።”

“ዋሽቼሽ ነው፣ ቤቲ። እንዳያቆሙብኝ ፈርቼ ነው።”

ታጽናናኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላጽናናችኝም። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እንባውም የርኅራኄ አልነበረም። “እኔ ደህና ናት ብዬ ጽፌ ልኬያለሁ” አለች። “አንድ ነገር ቢሆኑ ፈርሜበታለሁ። እርስዎ ይህንን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እንዴት አላሰቡኝም?”

አላሰብኳትም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስለራሴ ልብ፣ ስለራሴ እብጠት፣ ስለ ማቴዎስ ሳስብ፣ እሷን አንዴም አላሰብኳትም። አንድ ቀን እንደ እኔ ከሩቅ ድንኳን እንድታይ እያዘጋጀኋት ነበር። “ይቅር በይኝ” አልኳት። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም።

ፋይሌን አወጣች። የሁለቱን ቀጠሮ ገጽ ፈልጋ ያገኘችውን “የለም” በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ እንዲነበብ እንጂ እንዲጠፋ አይደለም፣ ደንባችን እንደዚያ ነው። አጠገቡ እውነቱን ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች፣ ፈረመች። ሁለቴ። ከዚያ ሐኪሙ ጋ ደወለች። ከሰዓት በኋላ ልቤን በአልትራሳውንድ አዩት። ጉልበቱ ቀንሷል። መድኃኒቱ ሲቆም ሊያገግም ይችላል፣ አሉኝ፤ እብጠቱ ግን ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የማያውቁትን እየጠየቁ ሰው ማስጨነቅ ምን ይጠቅማል?

ማቴዎስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ ዛሬ ዳገቱን በእግር አንወጣም፣ በባጃጅ ነው፣ ምክንያቱንም እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ፈራሁ። ቤተልሔም ጠዋት ክኒኑን እንደቆጠረች የሰጠችኝን አዲስ ብልቃጥ መልሳ ልትወስድ እጇን ዘረጋች። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው እንደነበር እንኳ አላስተዋልኩም። አውጥቼ ዘረጋሁላት፣ ጣቶቼ ግን አልተከፈቱም። እሷም አልጎተተችም። ሁለታችንም ይዘነው ትንሽ ቆየን።

“ሲስተር” አለችኝ ቀስ ብላ፣ “ይልቀቁት።”

ለቀቅሁት።